ሰሌዳው ሳይጻፍበት

መብራት የጠፋ ዕለት ማታ አሮጌውን የእጅ ባትሪ ከፍቼ ድንጋዮቹን ሳወጣ፣ አንደኛው ከቆይታ ብዛት ፈንድቶ ጥቁር ነገር ተፍቷል። ጣቴን ነካው፤ አሸተትኩት። ብረት ብረት ይላል፣ ከሰል ከሰል ይላል፣ ጥቂትም ይኮመጥጣል። ልጄ በጨለማው ውስጥ “አባዬ፣ አገኘኸው?” እያለች ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ደብረ ብርሃን ነበርኩ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከክፍላችን ሰሌዳ ፊት።

የዛሬ ልጆች አያውቁትም እንጂ የኛ ሰሌዳ የሚጠቁረው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ያለቀውን ድንጋይ ከየቤታችን ለቅመን እናመጣለን፤ ቀጥቅጠን ውስጡን እናወጣለን፤ ጥቁሩን ዱቄት በውሃ ለውሰን፣ ለምለም ቅጠል ጨምረን፣ በእራፊ ጨርቅ ሰሌዳው ላይ እንለቀልቃለን። እጃችን እስከ ክርናችን ይጠቁራል። ውርጭ በሰነጣጠቀው ቆዳ ውስጥ የገባ የባትሪ ጥቁር ደግሞ በሳሙና ቀርቶ በአመድም አይለቅም። ሌላው ልጅ ከዚህ ሥራ ይሸሻል፤ እኔ ሳይጠሩኝ እሄዳለሁ። መምህሮቻችን “ትምህርቱ አይሆንለትም እንጂ ሥራ ላይ አይታማም” ይሉኝ ነበር። እኔን ወደዚያ የሚወስደኝ ግን የሥራ ፍቅር አልነበረም። አዲስ የተቀባ ሰሌዳ፣ ገና ምንም ሳይጻፍበት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉም ልጅ እኩል የማነበው ብቸኛ ነገር ስለነበር ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ይህን የሚጽፈው የኔ እጅ አይደለም። እኔ አወራለሁ፣ ታናሽ እህቴ ኮምፒውተሯ ላይ ትጽፋለች። ዛሬ ማንበብ እችላለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ሰው ካልቆመብኝ። መጻፍ ግን እስከ ዛሬ አልታረቀኝም፤ ራሴ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ የሚያቅተኝ ጊዜ አለ። እንጀራዬ ድምፅ ነው፤ ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ፣ የሚቀረጽም ካለ እቀርጻለሁ። እህቴ እየጻፈች መሃል ላይ ትከራከረኛለች። ክርክርሽንም አብረሽ ጻፊው ብያታለሁ።

ብዙ ሰው “ፊደሎቹ ይንቀሳቀሱብህ ነበር ወይ?” ብሎ ይጠይቀኛል። አይንቀሳቀሱም። ቀጥ ብለው ቆመው ነው የሚያሾፉብኝ። ለየብቻ ቢያመጡልኝ አብዛኞቹን አውቃቸው ነበር፤ ጉዱ የሚፈላው ሲሰለፉ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ዘመዳም ነው። 33ቱ እናት ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። “ሲ”ን ከ“ሴ” የሚለያት እግሯ ሥር ያለች ነገር ናት፤ ለአንዷ ሰረዝ፣ ለሌላዋ ቀለበት። “ተ” ከላዩ አንዲት ጭረት ስትጨመርለት “ቸ” ነው፤ “ነ”ም እንደዚያው “ኘ” ይሆናል። ሌላው ልጅ ይህን አንድ ሰሞን አይቶ ያልፈዋል። እኔ እያንዳንዷን ቀለበትና ሰረዝ በየቀኑ እንደ አዲስ አገኛታለሁ። “ተማሪዎች” የሚለው ቃል ፊት ስቆም፣ ሦስተኛዋ “ሪ” ናት ወይስ “ሬ” ብዬ ስመረምር፣ “ተማ” ከእጄ ወጥታለች። ተመልሼ “ተማ”ን ፍለጋ እሄዳለሁ። በዚህ መሃል ጎረቤቴ ገጹን ጨርሶ መስኮት መስኮት ያያል።

ከአንደኛ ክፍል በፊት ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። እዚያ ከልጆቹ ሁሉ አንደኛ ነበርኩ ብል እህቴ አሁን ሳቀች፤ ግን ነበርኩ። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዛፍ ሥር፣ የበግ ለምድ ላይ ተቀምጠው ፊደል ሲያስቆጥሩን እኔ ከዳር እስከ ዳር በዜማ እወጣዋለሁ። ያነበበው ጆሮዬ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ስንደዷቸውን ወደ ጎን መንዳቱን ትተው ወደ ታች አወረዱት፤ ቀጥለው ደግሞ ከመሃል ጠቆሙ። አፌ ተያዘ። ደግመው ጠቆሙ። የመጣው ይምጣ ብዬ ዜማውን ከመጀመሪያው ላነሣ ስል የኔታ በሳቅ ፈነዱ። “አንተ ልጅ ለካ ገደል ማሚቶ ነህ!” አሉኝ። አልመቱኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ እኔን ለብቻ ያስቀምጡኝና ውዳሴ ማርያምን በቃል ይነግሩኛል፤ እኔም እቀበላለሁ። በእሳቸው ቤት በቃል መያዝ ነውር አልነበረም። እዚያ ንባብ ራሱ ደረጃ ደረጃ አለው፤ ግዕዝ ንባብ አለ፣ ውርድ ንባብ አለ፣ ዳዊት የሚደገመው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ በአንድ ክረምት ያልፋል፣ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል፤ የዘገየውን “ገና ነው” ይሉታል እንጂ ከስንት ልጅ ስንተኛ እንደወጣ የሚነግረው ካርድ አልነበረም።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ግን ያልነገረኝ ሰው የለም። የኔታ ነግረውኛል፣ መምህሮቼ ነግረውኛል፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶች ነግረውኛል። አክሱም፣ ስድስተኛው መቶ ዓመት፤ ሕፃኑ ያሬድ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ መዝሙረ ዳዊት ሊማር ገብቶ አልገባው አለ፤ ተገረፈ፤ ሸሸ። ማይ ኪራህ ከምትባል ውሃ አጠገብ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሲወጣ ሲወድቅ፣ ሲወጣ ሲወድቅ አየ፤ ትሉ በሰባተኛው ተሳካለት። ያሬድም ተመልሶ ተማረ፣ የዜማ አባት ሆነ። ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማው ትሉን ወደድኩት። እየቆየሁ ጠላሁት። ምክንያቱም ታሪኩ ለኔ ሁልጊዜ የሚነገረኝ እንደ ዕዳ ነበር፤ “ያሬድ እንኳ” ተብሎ ይጀምራል፣ “አንተ ግን” ተብሎ ያልቃል። እኔ የትኛው ውድቀት ላይ እንደሆንኩ ማን ቆጥሮልኝ? ሌላም ነገር ይገርመኛል። ተራኪው ሁሉ ትሉ ላይ ሲደርስ ድምፁን ያሰማምራል፤ አለንጋው ላይ ሲደርስ ግን ፈጥኖ ያልፋል። ደግሞስ ያ ልጅ በመጨረሻ የከበረው በምን ሆነና ነው? በጆሮው አይደለም እንዴ?

ትምህርት ቤት ስገባ የተፈለጉት ዓይኖቼ ብቻ ናቸው፤ ጆሮዬን የጠየቀው አልነበረም። ወንበሩ ላይ አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ መጽሐፉ ለሁለት ነው፤ አማርኛ የሚጀምረው ደግሞ ጠዋት ጣታችን ሳይሞቅ ነው። “ተነሥተህ አንብብ” የሚለው ትእዛዝ ከፊት ወንበር ይነሣና አንድ አንቀጽ ለአንድ ልጅ እየተሰጠ ወደኔ ይመጣል። ያን ጊዜ የምሠራው ሒሳብ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተሠርቶ አያውቅም። ከፊቴ ያሉትን ራሶች እቆጥራለሁ፤ አንቀጾቹን እቆጥራለሁ፤ የኔን አገኛለሁ፤ ከዚያ ተራዬ እስኪደርስ በልምምድ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። የሌሎቹን ንባብ አልሰማም። ጭብጡ ስለ ቀበሮ ይሁን ስለ ዝናብ የማውቀው ነገር የለም። መዳፌ ያልባል፤ በዚያ ብርድ! ሆዴ ይነፋል፤ “ቲቸር፣ ሽንት ቤት” ብዬ የምወጣበትን ደቂቃ ደግሞ በጥንቃቄ መርጬ መያዝ አለብኝ፤ አብዝተህ ከወጣህ ይነቃብሃልና።

ማታ የምታድነኝ እህቴ ነበረች። በሁለት ዓመት ትበልጣታለህ ይሉኛል፤ እሷ አንደኛ ክፍል ሆና የሦስተኛ ክፍል መጽሐፌን ትዘልቀዋለች። ኩራዙ ሥር በሆዳችን ተኝተን፣ የነገውን ገጽ ታነብልኛለች፤ እኔ በጆሮዬ እይዛለሁ። ሁለት ጊዜ ከሰማሁት ይበቃኛል። በነጋታው ተራዬ ሲደርስ ቆሜ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ፣ አንድ ቃል ሳልስት እወጣዋለሁ። አልፎ አልፎ ሆን ብዬ አንድ ቦታ እደናቀፋለሁ፤ ያለዚያ አይታመንም። ክፍያዋ ዳቦ ነበር።

“ዳቦ አይደለም፣ ስኳር ነው” አለች እህቴ። ይሁን፤ ስኳር ነው።

ተንኮሉ የሚሠራው ሁሉም ልጅ ትምህርት ቤት እስከመጣ ድረስ ነው። አንድ ጠዋት ከፊቴ ያለ አንድ ልጅ ቀረ። መቅረቱን አላስተዋልኩም። ተነሣሁ፤ ጣቴን ዘረጋሁ፤ በሚያምር ድምፅ፣ ነጥቡን ጠብቄ፣ ሌላ አንቀጽ አነበብኩ። ክፍሉ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። ከዚያ አንዱ ፈልጎ አገኘውና “ቲቸር! ታች ያለውን ነው የሚያነበው፣ መጽሐፉን ሳያይ!” ብሎ ጮኸ። ሳቁ እንደ ዛሬ ይሰማኛል። መምህሬ የቀለድኩባቸው መሰላቸው። በኩርኩም ራሴን አሉኝ፤ ከሰሌዳው ሥር ተንበረከክሁ። እውነቱን ብናገር ያንን ኩርኩም እንደ ምሕረት ነው የተቀበልኩት። ቀልደኛ ተባልኩ እንጂ ማንበብ የማይችል አልተባልኩም።

ረባሽነትን ያገኘሁት በዚያ በር ነው። ረባሽ ክብር አለው፤ ሌሎች ልጆች ያዩታል፣ ይፈሩታል፣ አብረውት ይስቃሉ። መምህር ከክፍል ሲወጣ የክፍሉ ሞኒተር የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን ስናገር እህቴ ማመን አቅቷት ጽሕፈቱን አቁማ ነበር፦ ስሜን በሩቁ፣ በአንድ እይታ፣ ሳልቆጥር ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ሰሌዳ ላይ ነው። ደጋግመው በጠመኔ ሲጽፉልኝ ዓይኔ ያዘው። ከብዙ ዓመት በኋላ የተረዳሁት ነገር፣ ያ ሞኒተር ሳያውቅ ከሁሉም የተሻለ አስተምሮኛል፤ አንዱን ቃል፣ በጉልህ፣ በየቀኑ።

“ደደብ” እና “ሰነፍ” የሚባሉ ሁለት ስሞች ነበሩኝ። ሰው የመጀመሪያው የበለጠ የሚያም ይመስለዋል። ለኔ የሚያመኝ ሁለተኛው ነበር። ደደብ ቢሉህ እንደዚያ ተፈጥረሃል፤ ሰው ያዝንልሃል፣ ይተውሃል። ሰነፍ ሲሉህ ግን ብታነብ ትችላለህ፣ እያወቅህ እናትህን ታስለቅሳለህ ማለታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ስታገል ውዬ፣ ጭንቅላቴ ዝሎ፣ ደብተሬን ስዘጋ የሚጠብቀኝ ስም ይኸው ነበር። ካርዴ ላይ በየመንፈቁ ያው ነገር ይጻፋል፤ ጠባይ፦ መካከለኛ፤ አስተያየት፦ ቢያጠና ይችላል።

ለዚህ ፍርድ ማስረጃ ያቀረብኩላቸው ራሴ ነኝ። በሬዲዮ የሚሰጥ ትምህርት ነበር። መምህሩ ሬዲዮኗን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧታል፤ ከወዲያ ማዶ የጠራ ድምፅ ያለው ሰው ያስተምራል፣ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ የኔ ነበረች። ሌላው ልጅ ከሬዲዮ መማር ያሰለቸዋል፤ ያዛጋል፣ ወረቀት ያጣጥፋል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማና ጥያቄው ሳይደገም እመልሳለሁ። ያለፈውን ሳምንት ቢጠይቁኝም እመልሳለሁ። መምህሬ አንድ ቀን አዩኝ፣ አዩኝና “ከዚህች ሬዲዮ ጋር ምን ተዋውለሃል?” አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ። የዚያን ዕለት ወደ ቤት የሄድኩት በሩጫ ነው። በሚቀጥለው ካርድ ላይ ግን ያቺ ቀን መልኳን ቀይራ መጣችብኝ፦ “ሲፈልግ ይችላል፤ ስለማይፈልግ ነው።” ማወቄ ራሱ ወንጀሌን አጸናው።

እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኔን በጀርባዋ አዝላ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ትሄድ ነበር ይሉኛል። የምስክር ወረቀቷ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ከቅድስት ሥላሴ ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ነበር። “የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር” እየተባለ አገሩ ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ እረኛው ፊደል ሲቆጥር፣ ከዚያ ቤት አንድ የቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። እናቴ ጣቷን ቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው፤ ዘገምተኛ ነች፤ ግን ትደርሳለች። እኔ የማልደርስበት ምክንያት አልገባትም። ስለዚህ የምታውቀውን መድኃኒት ሁሉ ሞከረች። የሰው ዓይን ነው ተባለ፤ ጠበል ተወሰድኩ፤ በብርዱ ጠዋት ያፈሰሱብኝን ውሃ አጥንቴ አይረሳውም። ደብተራ ዘንድ ተወሰድኩ። ሐኪም ዘንድ ተወሰድኩና ዓይኔ ተመረመረ፤ ዓይኔ ደህና ነው ተባለ። ደህና ነው የተባለ ቀን እናቴ ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ዝም አለች። በሽታ ቢኖር ኖሮ መድኃኒት ይኖረው ነበር።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ወታደር ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. ገደማ አስመራ ነበር። ደብዳቤ መጣ። ጎረቤቶች ቡና ላይ ናቸው። እናቴ ፖስታውን ከፍታ ለኔ ሰጠችኝ፤ “እስቲ የኔ ልጅ፣ አንተ አንብብልን” አለች። እህቴ የለችም። ቆምኩ። የዚያን ዘመን ደብዳቤ አንድ ደግነት አለው፤ መግቢያው የታወቀ ነው። “ይድረስ ለውድ እህቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ…” እያልኩ ጣቴን እያስኬድኩ ወጣሁት። ገጹ አላለቀም። ጨመርኩበት፤ ምግቡ ጥሩ ነው አልኩ፣ አገሩ ሞቃት ነው አልኩ፣ ጎረቤቶቹን በየስማቸው ሰላም አስባልኩ። አንዷ ሴትዮ “ተባረክ!” ብላ ጉልበቴን ነካች። እናቴ ደብዳቤውን ተቀብላኝ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ እኔንና እህቴን የፋሲካ ልብሳችንን አልብሳ ፎቶ ቤት ወሰደችን። በዓል አልነበረም። “ምን ተገኘ?” አልኳት። ሳታየኝ፣ የእህቴን ጸጉር እያስተካከለች፣ “አጎትህ የልጆቹን ፎቶ ላኪልኝ ብሎ የለም እንዴ? አንተው አይደለህ ደብዳቤውን ያነበብክልኝ?” አለችኝ።

ሌላ ምንም አላለችም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። ፎቶው አሁንም አለ። እህቴ ካሜራውን ታያለች፤ እኔ እናቴን።

የወላጆች ቀንን እዘለው ነበር፤ እህቴ ግን አውራው ብላኛለች። በዚያ ቀን ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይሸለማሉ፤ ደብተር ከእስክሪብቶ ጋር። እሷ በየዓመቱ ትሸለማለች። እኔ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጭባለሁ። ከዚያ ማታ አላስነብባትም፤ ገጹን ከፍታ ብትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው እመልሳለሁ፤ ነገ የማፍረው እኔው ራሴ ስሆን። “እጠላሽ ነበር” አልኳት አሁን። “አውቃለሁ” አለች፤ ጻፈችው።

ወደ ላይ ስናልፍ ነገሩ ቀለለ ልበል? አልቀለለም፤ ሰፋ እንጂ። ቃለ ጽሕፈት ቀርቶ ረጅም ድርሰት መጣ፣ እንግሊዝኛ መጣ፣ በብሔራዊ ፈተና ጊዜ እርሳስ የሚጠቆርባት ክብ መጣች። ስለዚያ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም፤ ድካም ብቻ ነው። ትምህርቱን ያቆምኩ ቀን ያለቀሰች እናቴ ናት፤ እኔ አሥር ዓመት ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲያ የተማርኩት ሙያ መደበቅ ነው። መነጽሬን ረስቼ እመጣለሁ፤ መነጽር የለኝም። ባንክ ስሄድ እጄን በፋሻ የማስርበት ጊዜ ነበር። ምግብ ቤት ገብቼ ዝርዝሩን ሲሰጡኝ “አንተ ምን ትመክረኛለህ?” እላለሁ፤ አስተናጋጁ እንደተከበረ ይሰማዋል። ባለቤቴ ያወቀችው ከተጋባን በኋላ ነው፤ እሷም ስታውቅ ያስገረማት አለማንበቤ ሳይሆን ይህን ያህል ሥራ መሥራቴ ነበር። “በዚህ ልፋት ሦስት ዲግሪ ትይዝ ነበር” አለችኝ።

ልጄ ዛሬ አዲስ አበባ ሁለተኛ ክፍል ናት። አምና ከትምህርት ቤቷ ተጠራን። ክፍሏ ውስጥ ያለችው ወጣት መምህርት በዩኒቨርሲቲ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠናች ናት። ጠባብ ቢሮ ውስጥ ባለቤቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። መምህርቷ የልጄን ደብተር ገለጠች፤ “ቢት” ተብሎ የተጻፈውን “ቤት” አየሁት፤ ያንን ስሕተት እንደ ራሴ ፊት አውቀዋለሁ። ልሰማ የተዘጋጀሁትን ስም በጆሮዬ እየጠበቅሁ ነበር። እሷ ግን “ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም” ብላ ጀመረች። ቀጥሎ የተናገረችውን ጥቂት ጊዜ አልሰማሁም።

ስመለስ ስለ ዲስሌክሲያ እያስረዳች ነበር። የዓይን ችግር አይደለም፣ የማሰብ ችሎታ ማነስም አይደለም፤ አእምሮ ድምፅንና ፊደልን የሚያገናኝበት መንገድ ላይ ያለ መቸገር ነው፤ በዘር ይሄዳል፤ በመድኃኒት የሚድን ሳይሆን ድምፁንና ፊደሉን በዝርዝር፣ በቅደም ተከተል፣ ዓይንን ከጆሮና ከእጅ ጋር እያስተባበሩ በትዕግሥት በማስተማር የሚታገዝ ነው። “በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ?” ብላ ጠየቀች። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ ባለቤቴ ቀደመችኝ፤ “ኧረ ይኸው፣ አጠገቤ ተቀምጧል!”

አንድ ታሪክም አጫወተችን። ዓድዋ በሆነበት በዚያው በፈረንጆቹ 1896 ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። ልጁ ብሩህ ነው፣ ሒሳብ ይሠራል፣ ፊደሎቹን ያውቃል፤ ቃል ማንበብ ግን አይሆንለትም። ያስተማረው መምህር ለሐኪሙ ሲናገር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚስተካከለው አይኖርም ነበር አለ። ሬዲዮኗ ትዝ አለችኝ። የዚያም መምህር፣ የኔም መምህር ያዩት አንድ ነገር ነው፦ በጆሮው የሚያውቅ፣ በዓይኑ የማያውቅ ልጅ። አንደኛው ይህን ለሐኪም ነገረ። ሌላኛው ካርድ ላይ ጻፈው።

መምህሬን አልኮንንም፤ ቢያንስ ዛሬ። በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ ይዘው፣ ግማሹ በረሃብና በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ማንን ለይተው ሊያዩ? ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም። መጽሐፍ ስላጣ የማያነበው፣ መምህር ስላጣ የማያነበው፣ እርቦት የመጣው፣ ከነሱ መሃል እንደኔ ያለው አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ዝም ሲሉ የማን ዝምታ የተለየ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ልጄን የሚመታት የለም፤ ኩርኩም ምን እንደሆነ አታውቅም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን አንድ ማታ ልጄ፣ ሌላ መምህርቷ ክፍል ውስጥ ስታስነብባት ምን እንደምትል ነገረችኝ፤ “አይዞሽ የኔ ማር፣ ጊዜ አለን፣ ሁላችንም እንጠብቅሻለን” ትላታለች። “ከዚያስ?” አልኳት። “ከዚያ ሁሉም ዝም ይሉኛል” አለች። አንጀቴ ተላወሰ። እኔ ቢያንስ ሳቅ ነበረልኝ፤ ሳቅ ውስጥ መደበቅ ይቻላል። ሠላሳ ልጅ በደግነት ዝም ብሎ ሲጠብቅህ ወዴት ትገባለህ?

ቆይቶ ሌላ ነገር ደረስኩበት። ልጄ ማታ ማታ በእናቷ ስልክ ለአክስቷ ትደውላለች። ናፍቆት መስሎኝ ነበር። ለካስ የነገውን ገጽ ፎቶ አንሥታ ትልክላታለች፤ አክስቷ በድምፅ አንብባ ትመልስላታለች፤ ልጄ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ደጋግማ ትሰማለች። የትኛው አንቀጽ እንደሚደርስሽ በምን አወቅሽ ብላት፣ በምን ሞኝነቴ እንደጠየቅኋት ገርሟት፣ “እቆጥራለሁ ነዋ!” አለችኝ።

እህቴን ተቆጣሁ። “ክፍያው ስንት ነው አሁን?” አልኳት። “ነጻ ነው፤ ያንተ ስኳር እስካሁን ይበቃኛል” አለች። ይህን ስትጽፍ እየሳቀች ነው።

ወጣቷን መምህርት ሄጄ አነጋገርኳት፤ ልጄ ጮክ ብላ እንዳታነብ ይቅርላት ብዬ ለመንኩ። መምህርቷ ልጄን ጠርታ ጠየቀቻት። ልጄ እምቢ አለች፤ “ሁሉም ያነባል፤ እኔም አነባለሁ።” በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ የምታነበውን አንቀጽ መምህርቷ ከአንድ ቀን በፊት ትነግራታለች። መቁጠር ቀረ። ማታ አክስቷ አንድ ጊዜ ታነብላታለች፣ ከዚያ ልጄ በጣቷ እየተከተለች ራሷ ታነበዋለች፤ ተደናቅፋም ቢሆን፣ ተመልሳም ቢሆን፤ የእውነት ማንበብ ነው።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ኩርፊያ ላይ ናት። ለሌሎቹ ስድስት ስድስት መስመር፣ ለሷ ግን ሦስት መስመር መሰጠቱን ደርሳበታለች። “አባዬ፣ ለቲቸር ደብዳቤ ጻፍልኝ” አለችኝ። ለአክስትሽ ንገሪያት አልኳት።